በር ጠባቂውስ?

ከሦስት ሰው በላይ በሚሠራበት ክፍል ሁሉ ፊልም አልቆ የማያልቅለት አንድ ሰው አይጠፋም። መብራቱ ይበራል፣ ሕዝቡ ኮቱን አንስቶ ይወጣል፣ እሱ ግን ገና መጀመሩ ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከፈጀ እሱ ሁለት ወር ይፈጅበታል። ፊልሙ ደግሞ ባለ ሦስት ክፍል፣ ዘንዶና ዘውድ የበዛበት ከሆነ፣ የመጨረሻው ክፍል በወጣ ሰሞን ከዚህ ሰው አጠገብ ለተቀመጠ ወዮለት!

የእኛም ልብስ ስፌት ቤት የራሱ ሰው አለው። "ዳኛው" እንላቸዋለን። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ ነገር ግን ፊልም ላይ ፍርድ ሲሰጡ አንተ ማለት ስለሚከብድ ለጊዜው በአንቱታ ልቀጥል። ሥራቸው ሱሪ ማሳጠርና ጠርዝ መዘምዘም ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የልብስ ጫፍ ሲያዩ ስለኖሩ ይመስለኛል፣ ዓለምን የሚለኩት በመጨረሻዋ ነው። "ጠርዙ የተተረተረ ሱሪ ለብሰህ ትወጣለህ? አትወጣም! ታዲያ ጠርዙ የተተረተረ ፊልም ለምን ያሳዩኛል?" ይላሉ። ይህን ሲሉ መርፌው በጥርሳቸው ስለተያዘ ማንም ደፍሮ አያቋርጣቸውም።

ፊልሙን ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገረው። አንዲት ልጅ ከክፉ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ታመልጣለች። እንድታመልጥ በሩን የከፈተላት ሽማግሌ በር ጠባቂ በንጉሡ እርግማን እዚያው ደጃፉ ላይ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ ዞር ብላ "ተመልሼ እመጣለሁ" ትለዋለች። በቃ። ክቡር ዳኛው ይችን አንዲት ቃል እንደተፈረመ ውል ይዘዋት ቀሩ። ሁለተኛው ክፍል ወጣ፤ ዘንዶ በዘንዶ ላይ ተከመረ፣ ሠራዊት እንደ ቅጠል ረገፈ፣ እኛም አፋችንን ከፍተን ወጣን። እሳቸው ደረጃው ላይ ቆም አሉና "በር ጠባቂውስ?" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘንም። ቁልፍ ሰፊዋ ጓደኛችን ልጅቷ ማንን እንደምታገባ ስትተነብይ "በር ጠባቂውስ?" ይሏታል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ስለ ተማሪዎች ዩኒፎርም ሲያስቸኩሉን "እሱስ ይደርሳል፤ በር ጠባቂውስ?" ይሏቸዋል። አንድ ቀንማ ሜትራቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና ጉዳዩን በሳንቲ ሜትር አስረዱን። "ይኸውላችሁ፣ ቃል የገባችው አርባ ላይ ነው። አሁን መቶ ላይ ደርሰናል፣ ወሬው የለም። የቀረችን ሃምሳ ናት! በሃምሳ ዘንዶ ይገደል፣ ዘውድ ይጫን፣ ሽማግሌው ይነሣ? እንዴት ተብሎ!"

ሦስተኛው ክፍል ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነገሩ ሥራችን ውስጥ ገባ። ጨርቅ ቆራጩ እኔ ነኝ። ምሳ ልበላ ስወጣ የአንድ ደንበኛ ግራጫ ሱፍ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ዳኛው ለቁልፍ ሰፊዋ የመጨረሻውን ጦርነት ሲያስረዱ ጠመኔ አነሡና ወንዙን፣ ድልድዩንና በሩን እዚያው ሱፍ ላይ ሣሏቸው፤ ሠራዊቱ ወንዙን ተከትሎ ከመጣ የግድ በር ጠባቂው ፊት ያልፋል ለማለት። እኔም ተመልሼ መቀሴን አነሣሁና ወንዙን ይዤ ቆረጥኩት። ከነመታጠፊያው!

ቁልፍ ሰፊዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። እትዬ ከውስጥ ብቅ ብለው "ማነው ይሄን ጉድ የሠራው?" አሉ።

"እኔ ነኝ እትዬ። መስመሩ የእኔ ነው" አሉ ዳኛው።

እትዬ የልባቸውን ተናግረው ሲገቡ ዳኛው ተከትሎኝ ወደ ደጅ ወጣ። አንቱታውን እዚህ ላይ ልተወው።

"አንተ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ዐሥራ አንድ ዓመት አውቅሃለሁ። ወንዝና የኮት ጀርባ የሚምታታብህ ሰው አይደለህም። መቼ ነው የጀመረህ?"

ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። መስመሩ ይደበዝዝብኛል፣ ሲብስም ጨርቁ ዳር ዳሩ ይጠፋብኛል። ለሚስቴም አልነገርኳትም። ዓይኑ የጠፋ ጨርቅ ቆራጭ ምን ተብሎ ይጠራል? ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ስለዚህ እንዳላወቀ ሰው ዝም ብዬ ስገምት ከረምኩ። ያን ቀን ሁሉም ሲስቅ ያየኝ እሱ ብቻ ነው።

"ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን" አለኝ።

"ሥራውስ?"

"ሥራውማ ሞልቷል፤ ዓይን ነው ትርፍ የሌለው።"

ሐኪሟ ትንሽ ብቆይ ኖሮ የሚተርፍ ነገር እንደማይኖር ነገረችኝ፤ ቁጣም ጨመረችበት። ሁለቱንም ዓይኖቼን ቀዶ ጥገና አድርጋ ለዐሥር ቀን ሸፈነቻቸው። "ማየት አለማየትህን ሲፈታ ነው የምናውቀው" አለች። ሦስተኛው ክፍል የወጣው በዚያው ሳምንት ነው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳኛው ቤቴ መጣ። በእግሩ ኮቴና በስፌት መኪና ዘይት ሽታው ነው ያወቅሁት። ሚስቴ ወንበር ሳበችለት።

"አየኸው?" አልኩት።

"አየሁት።"

"እሺ፣ በር ጠባቂውስ?"

ዝም አለ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያ ሰው ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

"ቀስ በል እንጂ፤ ከመጀመሪያው ልንገርህ" አለኝ በኋላ።

ሦስት ሰዓት ነገረኝ። የዘንዶውን ድምፅ አወጣ፣ የንጉሡን ሳቅ ሳቀ፣ ፈረስ ሲያስጋልብ የሚስቴን ብርጭቆ ሰበረ። እሷም ድስቷን ረስታ ከእግሬ ሥር ተቀምጣለች። ከዚያ ዘውዱ ጋ ደረስን። ካህኑ ዘውዱን ከፍ ያደርገዋል፣ ሕዝቡ ይንበረከካል፣ ልጅቷ "ቆይ" ትላለች። ደረጃውን ብቻዋን ትወርዳለች። ድንጋዩ በሩ ላይ እንደቆመ ነው፣ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። ሁለት መዳፎቿን ድንጋይ ዓይኖቹ ላይ ታሳርፍና "መጣሁ፤ አስቆየሁህ" ትለዋለች። ከመዳፏ ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። እጇን ስታነሣ ሽማግሌው ያያታል።

አለቀስኩ። ሐኪሟ ከሁሉ አብልጣ የከለከለችኝ ማልቀስን ነበር።

"ታዲያ፣ ረካህ?" አልኩት።

"ረካሁ። ይግባኝ የለኝም" አለ።

የቀሩትን ስድስት ቀናት አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ፍርሃቱ ሲመጣብኝ እነዚያን ሁለት መዳፎች አስባለሁ። ከዚያ ፋሻው ተፈታ፤ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሟን ጋውን ቁልፍ ነው፣ በተሳሳተ ቀለም ክር የተሰፋ። ነገርኳት። ሳቀች፣ እኔም ሌላ ሰው ሆኜ ወጣሁ።

ወር ሞልቶኝ ወደ ሥራ ስመለስ የፊልሙ ክርክር አላለቀም ነበር። ቁልፍ ሰፊዋ "ምንም ቢባል፣ እኔን አጥግቦኛል" ስትል "እኔንም! በተለይ በር ጠባቂው!" አልኳት። መርፌዋን አቁማ ዳኛውን አየችው። እሱ የሚያሳጥረው ሱሪ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። "አዎ... እሱማ፣ እሱማ" አለችኝ። አልጠረጠርኩም።

እሑድ ከሰዓት ሚስቴን ይዤ ሲኒማ ገባሁ። ካህኑ ዘውዱን ከፍ አደረገ። ሚስቴ እጄን ያዘችኝ። ዘውዱ ልጅቷ ራስ ላይ አረፈ። "ቆይ" ያለ ሰው የለም። ሕዝቡ ጨፈረ፣ ዘንዶዎቹ በረሩ፣ የባለሙያዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። እኛ ጠበቅን። ስሙ ሁሉ አለቀ፣ መብራቱ በራ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ እግራችን ሥር ደረሰች።

"አልቋል እኮ ጋሼ" አለችኝ።

"የቀረ አለ" አልኳት።

ሚስቴ ቀድማኝ ገባት። "ሰውዬው ፈጥሮ ነው" አለችና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። እኔ ደግሞ የማስበው ዝምታውን ነበር። ሁለት ዓመት የጠበቀውን ፍጻሜ ነጥቀውት፣ ያን የሚያህል ንዴት አንድ ወር ሙሉ ሆዱ ውስጥ ይዞ፣ እኔ ፊት አንዲት ቃል አልወጣውም። እንደ እሱ ላለ ሰው ይህ ከቀዶ ጥገና አያንስም።

ሰኞ ጠዋት መንገዱን ሙሉ የምስጋና ንግግር ሳዘጋጅ ሄድኩ። ስገባ አየኝና መኪናው ላይ አጎነበሰ። ቁልፍ ሰፊዋም ቁልፎቿን መቁጠር ጀመረች።

"ፊልሙን አየሁት" አልኩ።

"እህ?" አለ፣ ቀና ሳይል። "እንዴት ነው ታዲያ?"

ያዘጋጀሁትን ምስጋና ተውኩት። ጨርቄን ዘረጋሁ፣ ጠመኔዬን አነሣሁ።

"በር ጠባቂውስ?" አልኩት።

ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። "አይደል? አይደል! አንዴ እንኳ! አንዴ ዞር ብላ ብታየው ምን ነበረበት!"

ክቡር ዳኛው ያን ዕለት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ትንፋሽ ሳይወስዱ ተናገሩ። እኔም አቤት አቤት እያልኩ ቆረጥኩ፤ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ይታየኛል።