የጋሽ ውበቱ ጡረታና የገዳሪፍ ግብር

የግብር ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ድሃ ነው። ትናንት ሠርግ ቤት ስለ ሰሊጡ ብዛት ሲፎክር ያመሸ ነጋዴ፣ ዛሬ መዝገብ የያዘ ሰው ደጁ ሲቆም ገበያው እንደሞተ፣ ሰሊጡን ዝናብ እንደመታው፣ እሱንም ራሱን ወገቡን እንዳመመው ይናገራል። አልፈርድበትም። እኔም እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሩቅ ሳይ እጄ ሳላዘው የስፌት መኪናዬን ይሸፍናል። እናንተስ? ተዉት፣ አትመልሱልኝ።

ታዲያ «ግብር ካልከፈልኩ ሞቼ እገኛለሁ» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ ምን ይውጣችኋል? እኔ ላይ መጣብኝ!

ጋሽ ውበቱ ይባላሉ። ጎንደር ሠላሳ ዓመት የግብር ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ገዳሪፍ ካገባችው ልጃቸው ከዓለምነሽ ዘንድ መጥተው ተቀመጡ። የጡረታ ደመወዛቸው ጎንደር ባንክ ይገባል፤ የወንድማቸው ልጅ በውክልና እያወጣ በመተማ በኩል ይልክላቸዋል። ብዙ አይደለም። ግን ለመድኃኒታቸው የአማቻቸውን እጅ እንዳያዩ ያደረጋቸው እሱ ነውና፣ የደረሰ ዕለት አንገታቸው አንድ ስንዝር ይረዝማል።

በቀደም የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ኢቃማቸውን፣ ልናሳድስ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄድን። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ቅጹ «ገቢ አለዎት?» ይላል። ዓለምነሽ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«አባዬ፣ የለኝም ይበሉ! ልጄ ናት የምትጦረኝ ይበሉ! ሁለት አገር ተካፍሎ ይበላብዎታል!»

«ሠላሳ ዓመት የሰው ውሸት ስለቅም ኖሬ፣ በስተርጅና እኔው ልዋሽ?» አሉና «የኢትዮጵያ ጡረታ» ብዬ በዓረብኛ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጸሐፊው አነበበና «መጀመሪያ ከግብር ቢሮ ማረጋገጫ አምጡ» አለ። ኢቃማው ቆመ፤ ሰፈሩ ተንጫጫ። አንዱ «ግማሹን ይወስዱታል» ሲል፣ ሌላው «ያለፈውን ሁሉ ደምረው ነው እንጂ!» ይላል። ዓለምነሽ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ጋሽ ውበቱ ግን፣ ሙት ልበላችሁ፣ ደስ ብሏቸዋል! በማግስቱ በጠዋት ኮታቸውን አስተኩሰው፣ እንደ ሙሽራ ተላጭተው ከደጄ ቆሙ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው።

የግብር ቢሮው ሹም ሪዙ የሸበተ፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። የጋሽ ውበቱን ማተብ እያየ እንኳ፣ እንደ አገሩ ሽማግሌ «ያ ሐጅ» ብሎ አክብሮ ወንበር ሰጣቸው። ነገሩን አስረዳሁት።

«መዓሽ ነው? ጡረታ?» አለ። «በጡረታ ላይ ግብር የለም። በሰላም ይሂዱ።»

እልል ልል ነበር! ጋሽ ውበቱ ግን ተቆጡ።

«እንዴት የለም? የውጭ አገር ገቢ እኮ ነው! ደንቡን ገልጦ ይመልከት እንጂ፣ በቃል ይፈረዳል እንዴ?»

ይህን ልተርጉም? «እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ» አልኩት።

«እንዲህ አላልኩም!» ብለው ጮሁ፤ ለካ ሲናገሩ ነው እንጂ ሲሰሙ ዓረብኛው አይቸግራቸውም። ወድጄ ሳይሆን በግዴ ያሉትን ብተረጉምለት፣ ሹሙ እንባው እስኪወርድ ሳቀና ከመደርደሪያው አንድ ድርሳን የሚያህል መጽሐፍ አወረደ። ሁለቱ ሽበታሞች አጎንብሰው አገላበጡ፤ ጋሽ ውበቱ ፊደሉን ባያውቁትም ጣታቸው ከመስመሩ አልወረደም። ተገኘ! ሹሙ አነበበ፣ እኔ ተረጎምኩ፣ ማኅተሙ ዷ! አለ። ጋሽ ውበቱ ወረቀቱን ሳሙት።

«እንዲህ ነው እንጂ ሥራ!» አሉና ሹሙን ጎትተው ፉል ቤት አስገቡን። ሁለቱ ስለ ሥራቸው ሲጫወቱ እኔ እየተረጎምኩ ጉርሻ አመለጠኝ። በመካከሉ ሹሙ ቀና አለ።

«እኔም ጡረታ ልወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ጎንደር ብመጣ መዓሼን ትነኩብኛላችሁ?»

«እርስዎማ ወንድማችን» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ለመሆኑ በወር ስንት ነው የሚከፈልዎት?»

ሹሙ ሳቅ አለ፤ ግን የቅድሙን ሳቅ አልሳቀም።

«በወር? ያ ሐጅ፣ አገራችን ጦርነት ውስጥ ከገባች ወዲህ ደመወዝ ያየሁበትን ወር እኔም ረስቼዋለሁ።»

ተረጎምኩ። ጋሽ ውበቱ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፤ የሹሙን ባዶ ሳህን አዩና ወደ ማጀቱ ዞረው፣ በዚያ አይናገሩትም ባልኩት ዓረብኛ ጮሁ፦

«ሌላ ፉል! ዘይቱን አብዝተህ!»