ጋሼ ሚሊሜትርና ሦስቱ ጥያቄዎች

የአደን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ባለበት ሁሉ አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ሰውየውም የሱቁ ባለቤት አይደለም። ይህን በጥናት አረጋግጫለሁ አልልም። ሦስት ሱቅ ገብቼ ሦስቱም ውስጥ ስላገኘሁት ግን አራተኛውን ማየት ድካም መስሎኝ ተውኩት። ሰውየው አይገዛም፣ አይሸጥም፣ አይሄድም። ሥራው ሌላ ሰው ሊገዛ የመጣው ጥይት የተሳሳተ መሆኑን መንገር ነው።

የእኛ ሰፈሩ ጋሼ ሚሊሜትር ይባላሉ። ስሙን ያወጣችላቸው ባለሱቋ ናት፤ በንዴት ነው ያወጣችው፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ከሥራ ቤታቸው ይዘው የወጡት ዓይን ላይ የምትሰካውን ትንሽ ማጉያ ብቻ ነው ይባላል። ማጉያዋን ቀኝ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጥይት ሲያገላብጡ ያየ ሰው፣ ጥይቱ ይቀድም ወይም ወደ ኋላ ይቀር እንደሆነ የሚያጣሩ ይመስለዋል።

አንድ ደንበኛ ደጃፉን እንደረገጠ ክቡርነታቸው ሦስት ጥያቄ ያቀርባሉ። ጥያቄዎቹ ተቀይረው አያውቁም።

«ለማን? ከስንት ሜትር? ከዚያስ?»

«ለማን?» ማለት ለየትኛው እንስሳ ማለት ነው። «ከስንት ሜትር?» ግልጽ ነው። «ከዚያስ?» የሚለውን ግን የሚመልስ አልተገኘም። አንዱ «ከዚያማ ቆዳውን እንገፍፋለን» ይላል። ሌላው «ከዚያማ ፎቶ እንነሳለን» ይላል። ጋሼ ራሳቸውን ይነቀንቁና «አልገባህም» ብለው ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። እኔ የሰውየው አመል ነው፣ ነገር ማስረዘሚያ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

የሰፈራችን የጥርስ ሐኪም አንድ ቅዳሜ ገብቶ ግድግዳው ላይ ካሉት ጠመንጃዎች ትልቁን አውርዱልኝ አለ። ጥይቱ የእኔን አውራ ጣት ያህላል።

«ዶክተር፣ ለማን?»

«ለድኩላ።»

«ከስንት ሜትር?»

«እንደ ሁኔታው።»

«ሁኔታ ሜትር አይደለም። በዚህ ከመቱት ከድኩላው የሚተርፈው ቀንዱና ወሬው ነው። ለመሆኑ ጥርስ የሚነቅሉት በመዶሻ ነው?»

ሐኪሙ በትንሽ ጠመንጃ ተስማምቶ ወጣ። በዓመቱ ለጎሽ አደን ተጋብዣለሁ ብሎ ያችኑ ትንሽ ጠመንጃ ይዞ መጣና ጥይት ጠየቀ። ጋሼ ጥይቷን በማጉያቸው አዩ፤ ሐኪሙንም አዩ። «አሁን ደግሞ ሊኮረኩሩት ነው?» አሉ።

ባለሱቋ ትዕግስቷ ያልቃል፤ እሷ የሸጠችውን እሳቸው ያስመልሳሉ። አንድ ቀን አላስችል አላትና «ጋሼ፣ ወንበሩን እኮ አልሸጥኩልዎትም» አለች።

«አልገዛውም» አሉ ጋሼ ሳይከፉ። «አንድ እግሩ በሁለት ሚሊሜትር ያጥራል።»

የእህታቸው ልጅ ስታገባ የምክር ቃል እንዲናገሩ ተጋበዙ። እስክሪብቶ አወጡ፤ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያለ የሚያጎነብስ መስመር ሳሉ። «አረር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ለሚመስላችሁ፣ አይሄድም። ከአፈሙዝ እንደወጣ መውደቅ ይጀምራል። ትዳርም...» ብለው ቆሙ። አዳራሹ በሙሉ ጆሮውን አቀና። ሙሽራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራ፣ ወፍ እንኳ በወንጭፍ ያልሳተ፣ ሞክሮ ስለማያውቅ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እሱም አንገቱን አሰገገ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ትዳርን አላውቅም፤ አላገባሁም። አረር ግን እንደዚህ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ስንት አውሬ ጥለዋል? እዚህ ላይ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ሐኪሙ «ባዶ» ይላል። ባለሱቋ ደግሞ ሱቁን ከከፈተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋሼ አንዲት ጥይት ገዝተው አያውቁም። እሳቸውን ፊት ለፊት የጠየቀ ሰው መልስ አያገኝም። ማጉያዋን ዓይናቸው ላይ ይሰኩና በቅርብ ያገኙትን ዕቃ መመርመር ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ። ሃያ ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬአለሁና ማረም እንጂ መታረም አልለመድኩም። አማቴ ከከተማ ወጣ ብሎ የበቆሎ ማሳ አላቸው። ዘንድሮ የዱር አሳማ ገብቶ እኩሌታውን ደፈጠጠው። ሽማግሌው ያለዚያ ማሳ ሌላ የላቸውም። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ይህን ሲያወሩ ሳይጠግቡ እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ፤ ባለቤቴም አየችኝ። «አባባ፣ እኔ እገድልልዎታለሁ» አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠመንጃ የያዝኩት ሁለት ጊዜ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረም። አማቴ ከዱር እንስሳት ቢሮ የአንድ አሳማ ፈቃድ አወጡ፤ ፈቃዱ የሚሠራው ለሠላሳ ቀን ነው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቀኑን አንድ በአንድ ይሰርዙ ጀመር።

ጠመንጃ ለመግዛት አንድ ቀን በቂ መስሎኝ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ፈጀ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በጠመንጃ ልክ አለቀ። ባለሱቋ ያቀረበችልኝን ሁሉ ጋሼ ጣሉት፤ ይኼኛው ለአሳማ ያንሳል፣ ያኛው የተኳሹን ትከሻ ይራገጣል። በመጨረሻ ሦስት መቶ ስምንት የሚባለው ላይ ተስማማን። «ተስማማን» ስል እኔና ባለሱቋ ዝም አልን ማለቴ ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ ለጥይቱ ሆነ። «ጠመንጃ እጀታ ነው» አሉ ጋሼ፤ «ሥራውን የሚሠራው አረሩ ነው። ድፍኑ በስቶ ያልፋል፤ አሳማው ተበስቶም ይሮጣል። ጫፉ ለስላሳ የሆነው ግን ሲገባ ይከፈታል፣ እዚያው ይጥላል። በጣም ቀላሉን አትውሰድ፣ የአሳማ ትከሻ ላይ ይበተናል። በጣም ከባዱንም አትውሰድ።» ሱቁ ውስጥ የነበረችው የመጨረሻዋ ባለ ሃያ ፓኬት ተገዛች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ አሮጌው የድንጋይ ካባ ወርደን ጠመንጃውን ከጥይቱ ጋር አላመድነው። አንድ በተኮስኩ ቁጥር ጋሼ ማስመሪያቸውን ይዘው መቶ ሜትር ሄደው የዒላማውን ወረቀት ይለካሉ፣ መቶ ሜትር ይመለሳሉ፣ ማነጣጠሪያው ላይ ያለችውን ጥርሳም ብሎን በአንድ ጥርስ ያዞራሉ። አሥራ ሰባት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሜትር ነው። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጡም። «እንግዲህ ይኼ ጠመንጃ ይኼን ጥይት ያውቀዋል» አሉ ሲጨርሱ። «ሌላ አታጉርሰው። በተለማመድክበት ታድናለህ።»

ዕቃዬን ስሰበስብ ፓኬቷ ባዶ ናት። አሥራ ሰባት ተኩሻለሁ፤ ሦስት መቅረት ነበረበት። ከእኔና ከእሳቸው በቀር በካባው ውስጥ የነበረ ፍጡር እንሽላሊት ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጠመንጃውን አነገትኩ፤ በሆዴ ግን ጥይት የማይገዙበትን ምክንያት አገኘሁት አልኩ።

ፈቃዱ እሑድ ያበቃል። ዓርብ ዕለት ባለሱቋ ጋ ስሄድ ያ ጥይት የሚገባው በሚቀጥለው ወር ነው አለችኝ። መንገድ ተሻግሬ ሌላ ሱቅ ገባሁ። ሦስት መቶ ስምንት አለ። አንዱን ጥይት ገልብጬ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ የተጻፈውን ከባዶዋ ፓኬት ጋር እንደ አራሚ ፊደል በፊደል አስተያየሁ። ስህተት የለበትም። አረሩ ድፍን መሆኑን፣ ከበድም ማለቱን አይቼዋለሁ፤ ግን ቁጥሩ አንድ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ አርሜ አሳትሜአለሁ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ አማቴና ሳይጠሩ የመጡት ጋሼ ሚሊሜትር። ጋሼ የተወለወለ ጫማ አድርገዋል። እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና በሹክሹክታ «ጥይት...» ሲሉ አቋረጥኳቸው።

«ጎርሷል።»

«የትኛውን?»

«ያንኑ» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት።

አፍጥጠው አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በቆሎው ተነቃነቀና አሳማው ወጣ። እጃቸው ክንዴ ላይ ሲያርፍ እኔ ቃታውን ስቤአለሁ። አሳማው በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ተነሳ፤ ወደ ወንዙ ቁጥቋጦ ገባ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር።

«መታኸው» አሉ አማቴ፤ ፊታቸው በራ። «በቃ፣ እዚያው ይሞታል። ሌሎቹም ድርሽ አይሉም። ተነሱ ቁርስ እንብላ።»

እኔም ለመሄድ ተነስቼ ነበር። ጋሼ ግን አሳማው የቆመበት ቦታ ሄደው ጎንበስ አሉ፤ ማጉያቸውን ሰኩ፤ አንድ የበቆሎ ቅጠል ላይ ያለች የደም ጠብታ አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው የሌላ ሰው ሆኗል።

«ለማን፣ አወቅን። ከስንት ሜትር፣ አወቅን» አሉ። «ከዚያስ?»

ያን ጊዜ ጥያቄው ገባኝ።

አማቴን ቤት ልከን ሁለታችን ተከተልን። ጋሼ ወረቀት ጠየቁኝ፤ ለማረም የያዝኩትን ረቂቅ ሰጠኋቸው። እየቀደዱ በየጠብታው ላይ ቁራጭ ያስቀምጣሉ፤ ጠብታው ሲጠፋን ወደ መጨረሻው ቁራጭ ተመልሰን እንደገና እንፈልጋለን። አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንዲህ አለቀ። ጫማቸው ጭቃ ጠጣ፤ ጉልበታቸው ከዳቸውና በዱላ መሄድ ጀመሩ። ተመለሱ ስላቸው አልሰሙኝም።

«ጋሼ» አልኩ በመጨረሻ፤ «ዋሽቻለሁ። ጥይቱ ያ አይደለም።»

«አውቃለሁ። የቀሩት ሦስቱ እኔ ጋ ናቸው።» መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፈቱት። «ልምምድ ላይ ሁሉንም ታባክናለህ ብዬ ደበቅሁልህ። ልንገርህ ስል ቀደምከኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያንን ድፍን አውጥቼ የእሳቸውን አጎረስኩ።

አሳማው አንድ ገደል ሥር፣ እሾህ ውስጥ ተኝቷል። ይተነፍሳል። አርባ ሜትር ይሆናል። «አትቸኩል» አሉኝ ጋሼ፤ «ከፊት እግሩ ጀርባ።» አንድ ተኮስኩ፤ አበቃ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆዩ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ።

«ከተመታ ስድስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ» አሉ። «ብዙ ነው።»

ሌላ ወቀሳ አልተናገሩኝም። ያቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም።

ስንመለስ፣ የሰፈሩ ሁሉ ጥያቄ ከአፌ አመለጠኝ። «ለመሆኑ ስንት ገድለዋል?» ማጉያቸውን ለመፈለግ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ግን ባዶውን ተመለሰ።

«አንድ ተኩል» አሉ።

«ተኩሉ?»

«አጋዘን ነበረች። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጠመንጃው የተውሶ፣ ጥይቱ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ። መታኋት። ሊመሽ ሆነና ጓደኞቼ ተዋት፣ ትሞታለች አሉኝ፤ ተውኳት። በማግስቱ ሄድኩ፣ በሠልስቱም ሄድኩ፤ አላገኘኋትም።» በዱላቸው አንዲት ጠጠር ከመንገድ ገፉ። «ተኩሏ እስከ ዛሬ ትሄዳለች።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እወዳቸዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን ቆርጬ ከወንበራቸው እግር ሥር አደረግሁ። የቀሩትን ሁለት ጥይቶችም አልተቀበልኳቸውም፤ እሳቸው ኪስ ይሻላቸዋል።

ይህን ጽሑፍ ሳላሳትም አሳየኋቸው። ማጉያቸውን ሰክተው ከላይ ጀምሮ አነበቡ። ካባው ውስጥ የሄዱት መቶ ሳይሆን ዘጠና ስምንት ሜትር ነው አሉ። ካርቶኑም በግማሽ ሚሊሜትር በልጧል አሉ። «አንድ ተኩል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልሰርዘው ጋሼ?» አልኩ።

«ተወው» አሉ። «ልክ ነው።»