በሚስቴ ያሳበብሁት እምቢታ

እንግሊዝኛ ሴትን ያለ «ሺ» አያንቀሳቅሳትም። እኛ «መጣች» ካልን አለቀ፤ እነሱ ግን ሺ መጣች፣ ሺ ተቀመጠች፣ ሺ በላች እያሉ እግር በእግር ይከተሏታል። አንቱታ የሚባል ነገርማ ጭራሽ የለም፤ የንስሐ አባቴ እናትም፣ ትናንት የተወለደች ሕፃንም ያው ሺ ናቸው። ኧረ ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ይሁንና ቃሏን ወድጃታለሁ። ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁ አስጎብኚ ነኝ፤ በእኛ ወግ ባል የሚስቱን ስም እንግዳ ፊት ለመጥራት ያፍራል፣ «እሷ» ብሎ ያልፋል። እኔም በእንግሊዝኛ «ሺ» ብዬ አልፋለሁ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፣ ስሟ አትጠገብ ነው። አደራ፣ እሱ ነገረን እንዳትሉ።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ አንዲት ፈረንጅ መጣች፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ቡይት ራስ ወስጄ ጭላዳ ዝንጀሮውን አሳየኋት። «አሁን ደግሞ በየዳ እንሂድ» አትለኝ መሰላችሁ! በእግር! የቀናት ዳገት! ጉልበቴ ከአምና ጀምሮ ዳገት ሲያይ ይብረከረካል። ይህን ብናገር ደግሞ ከተማው ይሰማል፤ ጉልበት የከዳውን አስጎብኚ ማን ይቀጥረዋል? እንጀራዬ ነውኮ! ስለዚህ «ሺ እምቢ ትላለች» አልኋት። ሦስት ቀን ለመነችኝ፤ ሦስት ቀን ሺ እምቢ አለች። ሚስቴ ምስኪን፣ ምን እንደከለከለች እንኳ አታውቅም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ። በአራተኛው ቀን ፈረንጇ «እንግዲያው ራሴ ሄጄ ላስፈቅዳት» ብላ ብድግ አለች። ባልን ከሚስቱ የሚያስፈቅድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤት እስክንደርስ ላብ አጠመቀኝ።

አትጠገብ «ይግቡ እሜቴ» ብላ ወንበር አቀረበች። ፈረንጇ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለመነቻት። ሚስቴ «ምን ትላለች?» ብትለኝ፣ «በየዳ እንሂድ ትላለች» ብዬ የቀረውን ዋጥሁት። አትጠገብ የተወለደችው በየዳ ነው፤ ፊቷ በራ። «ታዲያ ሂድ! ማን ያዘህ? እናቴንም ጠይቅልኝ» አለች። ፈረንጇ መልሱን ፍለጋ ወደ እኔ ዞረች። «ሺ አሁንም እምቢ ትላለች» ልል አፌን ስከፍት፣ ሚስቴ ጋቢዬንና ከዘራዬን ከጓዳ አውጥታ ለፈረንጇ አስረከበቻት።

ይህ አስተርጓሚ አይፈልግም። ፈረንጇ ጋቢውን አየች፤ እኔን አየች። እፍረት ፊቴን አቃጠለው። «እምቢ ያለችው እሷ አይደለችም፤ ጉልበቴ ነው» አልሁ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ማንም አልሳቀም። «ምነው፣ ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ?» አለች አትጠገብ ቅር ብሏት፤ ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጎረቤት ወጣች።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ቆሞ እያየ ወደ በየዳ ወጣን፤ ፈረንጇ ቦርሳዋን ተሸክማ በእግሯ፣ አስጎብኚው ጋቢውን ተከናንቦ በጎረቤት በቅሎ።