ክቡር ብረት አስወላቂ

የሰው ኪስ ካልፈተሸ ሥራ የጀመረ የማይመስለው ሰው ከየትም መሥሪያ ቤት አይጠፋም። መሬት አጥኚዎቹ ዘንድ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ብረት አስወላቂ ናቸው። የሾማቸው ግን የለም።

ሥራው ጥንቃቄ መፈለጉ እውነት ነው። ምድር ራሷ ማግኔት ናት፤ ከአፈሩ ሥር ዓለቱ ተሰንጥቆ ግራና ቀኙ ከተንሸራተተ፣ ከላይ የሚለካው የማግኔት ጉልበት እዚያ ላይ ይለወጣል። መለኪያውን የተሸከመው ሰው ኪስ ውስጥ ቁልፍ ካለ ግን ልኬቱ ይበላሻል። ስለዚህ እኚህ ጋሼ በየማለዳው "ብረት አለ?" ይላሉ። ቀበቶ ያስፈታሉ፣ መነጽር ያስወልቃሉ። አንዴ ሊጎበኝ የመጣ ኃላፊ ጫማው ምስማር አለው ተብሎ፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ በካልሲ እሾህ ረግጧል። የባለቤታቸው የጋብቻ ቀለበት እንኳ በመሣሪያው ተፈትሾ ነው ጣቷ ላይ የገባው ይባላል።

ዘንድሮ የተላኩት አዲስ ማዋለጃ ሊሠራበት ወደታሰበ ሜዳ ነበር። ስንጥቅ ከሥሩ ያልፍ እንደሆነ ለማወቅ ጋሼና እሳቸው ያሠለጠኗት ወጣት ባለሙያ በየተራ ለኩ። ካርታው ሲወጣ ልጅቷ ክው አለች። እሷ በሄደችባቸው መስመሮች ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ማዋለጃው ይመጣል፤ እሳቸው በሄዱባቸው ላይ ግን ተደበላልቆ ይጠፋል። ከእሳቸው መስመሮች አንዱን ደግማ ብትለካው ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ዝም ብትል እናቶች የሚተኙበት ቤት ስንጥቅ ላይ ሊቆም ነው፤ ብትናገር ደግሞ ሜዳ ካልዋሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸውን ሰው ቢሮ ማስቀመጧ ነው። እንደ ምንም ነገረቻቸው።

ጋሼ ካርታውን ብዙ አዩት። ከዚያ ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ። አምና ወድቀው ጭናቸው ሲሰበር አጥንቱ ውስጥ የብረት ብሎን ገብቶላቸዋል።

"ሐኪሙ ማግኔት አይስበውም ብሎኝ ነበር" አሉ። "የሁሉን ሰው ስፈትሽ የራሴን ሳልፈትሽ አመንኩት። ከሜዳ እንዳልቀር ፈርቼ ነው፣ ልጄ። የኔን በሙሉ ሰርዢው።"

ሰረዘችው፣ ሁሉንም እንደገና ለካች፣ ማዋለጃውም ሌላ ቦታ ተፈለገለት።

አሁን መሣሪያውን የምትይዘው እሷ ናት። ጋሼን ቢሮ ለማስቀመጥ ቢታሰብም፣ ያለ እሳቸው አንወጣም ያሉት እነዚያው ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው የኖሩት ባልደረቦች ናቸው። ሥራ ሲጀመር እሷ እጇን ታወዛውዛለች፣ እሳቸው እያነከሱ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። እንደ አባቷ የምትወዳቸውን ሰው ራቅ ይበሉ ማለት ዛሬም አልለመደችውም።

"ይበቃል ጋሼ፣ እዚያው ይቁሙ" ትላቸዋለች።

እሳቸው ግን ለልኬቷ ሲሉ ጥቂት እርምጃ ይጨምሩላታል።