ያልተግደረደረው እንደራሴ

እኛ ዘንድ ፓርቲ የሚባል ነገር ስለሌለ ፓርቲውን ጥሎ የሚሄድ ፖለቲከኛም የለም ብሎ የሚከራከረኝ ወዳጅ አለኝ። የዋህ ነው። በፈረንጅ አገር አንዱ እንደራሴ ከዚህኛው ወንበር ተነሥቶ ወዲያኛው ሲቀመጥ ጋዜጣ ይጽፍበታል፤ የቀድሞ ባልደረቦቹ ይሰድቡታል፤ እሱም ኅሊናዬ አዘዘኝ ብሎ መግለጫ ይሰጣል። እኛ ጋ ግን ትናንት ከጭሰኛው ጋር የነበረ ሰው ዛሬ ከባለመሬቱ ጋር ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ መቼ እንደሄደ ያየ የለም። ሰላምታው ሲቀዘቅዝባችሁ ነው የሚገባችሁ።

እኔ ግን አንዱን ሲሻገር በዐይኔ አይቻለሁ። በማንም ሹመት ደስ የማይለኝ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ከኮሌጅ ወጥቼ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ነፋስ ስልክ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። የምርጫ ሰሞን አቶ አስፋው የሚባል የሰፈራችን ሰው ለፓርላማ ተወዳደረ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አንቱ የማልለው ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ። ንግግሩን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ለቡ ሜዳ ላይ ገበሬዎቹን ሰብስቦ፣ አያቶቻችሁ ካቀኑት ማሳ ማንም አይነቅላችሁም እያለ የኔን ቃል በዚያ በወፍራም ድምፁ ሲያሰማ፣ እውነቴን ነው፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን እረሳ ነበር።

ከሰሚዎቹ አንዱ ኦቦ ገመቹ ነበሩ። የዚያ ሁሉ መሬት ጌታ የሆኑት ፊታውራሪ፣ ኦቦ ገመቹ የሚያርሱትን ማሳ ለቤት ሠሪዎች ሊሸጡት አስበው፣ አዝመራህን ሰብስበህ ልቀቅ ብለዋቸዋል። ሽማግሌው ከነቤተሰባቸው ሌላ መግቢያ አልነበራቸውም። አስፋውን የመረጡት ለዚህ ብቻ ነው፤ ስለ ፍትሕ የጻፍኩትን ረጅም አንቀጽ ያዳመጡትም አይመስለኝም።

አስፋው ተመረጠ። በጥር ፊታውራሪ ልጃቸውን ዳሩና ሰፈሩ በሙሉ ተጠራ፤ ጭሰኞቹም ሳይቀሩ።

መቼም የድግስ ወጉን ታውቁታላችሁ። ትንሽ ከፍ ያለ እንግዳ ዳስ ሲገባ ሆን ብሎ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። አጋፋሪው፣ ያ ሰውን ሁሉ በየማዕረጉ የሚያስቀምጠው፣ መጥቶ ወደ ላይ ከፍ በሉ ይለዋል። እንግዳው እዚሁ ይሻለኛል ይላል። ይለመናል፤ ይምላል፤ በክንዱ ይጎተታል፤ በመጨረሻ ሊታሰር እንደሚወሰድ ሰው አዝኖ ይነሣል። ከላይ መቀመጥ በጣም ያማረው ሰው በጣም አጥብቆ ይምላል። በዕድሜዬ ይህን የዘለለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

አስፋው ከበሩ አጠገብ በኔና በኦቦ ገመቹ መካከል ተቀመጠ። አጋፋሪው መጥቶ ጎንበስ አለና፣ "ክቡር እንደራሴ፣ ወደ ላይ" አለው።

ተነሣ። ሄደ።

አንዴ እንኳን አልተግደረደረም! ሰው እኮ የሚግደረደረው በእንግድነት ነው፤ ወደ ገዛ ቤቱ ሲገባ ማን ግቡ እያለ ይለምነዋል? ከፊታውራሪ ጎን ለነበረው ክፍት ቦታ መንገድ እንኳን ሳይጠይቅ ሄዶ ቁጭ አለ። የያዝኩትን ሥጋ መልሼ አስቀመጥኩት። ወደ ኦቦ ገመቹ ዞሬ አዩት ወይ አልኳቸው። አየሁት፤ ይልቅ ብላ አሉኝ።

በማግስቱ ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው አላፈረም። ከውጭ ሆኖ የሚጮህን ሰው ፊታውራሪ ውሻ እንደጮኸ ነው የሚቆጥሩት፤ ገበታቸው ላይ ሆኜ ባንሾካሹክ ግን ይሰሙኛል አለ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "አንተ መጻሕፍት አንብበሃል፤ እኔ ደግሞ ፊታውራሪን" አለኝ። የሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ለወጡት ገበሬዎች ይህ ሰው ሸጧችኋል ብዬ በግልጽ ተናገርኩ።

ወሩ ሳያልቅ "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ካርታ ላይ ፈልጌ ወዳጣሁት አንድ የቆላ ወረዳ ተዛወርኩ። እዚያ የሚቀላጠፍ ሥራ አልነበረም። ወባ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ስመለስ በቀጥታ ለቡ ሄድኩ። የኦቦ ገመቹ ማሳ ላይ ቪላ ተሠርቶ አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ሽምብራ እሸት ይዞ ጠበቀኝ። ሽማግሌው ከነቤተሰባቸው አሉ። እሳቸው እንደነገሩኝ፣ አስፋው ማሳው እንዳይሸጥ ፊታውራሪን ለምኖላቸው ኖሯል። ፊታውራሪም ልተውለት፣ ነገር ግን ያንን ነገር የሚጽፍልህን ልጅ ከዚህ አገር አንሣልኝ ብለዋል። አስፋው ሹማምንቱን ያውቃል፤ አስነሣኝ። እግረ መንገዱንም ከአስፋልቱ ዳር ለራሱ ቦታ ተሰጥቶት ፎቅ ሠርቷል። የመጀመሪያው ሹክሹክታ ለማሳው ይሁን ለፎቁ እስካሁን አላውቅም። እናንተ ግምታችሁን ያዙ፤ እኔ የራሴን ይዣለሁ።

የሚቀጥለው ምርጫ ይወራ ስለነበር ኦቦ ገመቹን ጠየቅኋቸው።

"አሁንም ያምኑታል?"

"አላምነውም።"

"ታዲያ ድምፅዎን ለማን ሊሰጡ ነው?"

"ለሱ ነዋ" አሉ፣ ጥያቄው ራሱ እየገረማቸው። "አንተ ደግ ነህ፣ የኔ ልጅ። ግን ያኔ አንተን መርጬ ቢሆን ኖሮ እስከዚያ ቆላህ ድረስ አብሬህ እሰደድ ነበር።"

ልሰናበት ስነሣ እሸቱን ከነሥሩ ነቅለው በእቅፌ ሞሉልኝ። ለወጉ እንኳን ይበቃኛል አላልኩም። እየፈለፈልኩ ነፋስ ስልክ ደረስኩ። በኔ ዋጋ የተረፈ ማሳ ነውና አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም።