ብሎክ ግራንት በቀስታ ሲነገር

ዓይናፋር ሰው ለትምህርት ፖሊሲ አደገኛ ነው! አዎ፣ አደገኛ ነው። ጯሂ ሰው ቢሳሳት ስሕተቱን ሁሉም ይሰማዋልና አንዱ ተነሥቶ ያርመዋል። ዓይናፋር ሰው ግን ትክክለኛውን ነገር በቀስታ ይናገራል፤ ሰሚው ደግሞ ያልሰማውን ከራሱ ይሞላበታል። ይህን የምለው ማንንም ለማማት አይደለም። ራሴን ነው።

እኔ እኮ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የሚከብደኝ ሰው ነኝ። ሰፈሬ ጊንጆ መውረድ ሲገባኝ፣ ሌላ ወራጅ ይገኝ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ሰቶ ሰመሮ ደርሼ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ቀን ባለ ባጃጁ በመስተዋቱ አየኝና፣

«እህት፣ የት ነሽ?» አለኝ።

«አልፌዋለሁ።»

«መቼ?»

«ቅድም…»

እንዲህ ዓይነት ሰው መምህርት ይሆናል ወይ ብትሉኝ፣ ይሆናል። ልጆች አያስፈሩኝም። የማስተምረው አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ያሉትን፣ «ኦ ክፍል» የምንላቸውን ሕፃናት ነው። እነሱ ፊት እዘፍናለሁ፣ እንደ ዝንጀሮ እዘላለሁ፣ አንበሳም እሆናለሁ። አንድ ወላጅ በመስኮት ብቅ ካለ ግን አንበሳው ወዲያው ጠመኔ ፍለጋ ያጎነብሳል።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የትምህርት ዕቅድና አመራር ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህራችን የአገሮች ስም የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ኮፍያ ውስጥ ጨምረው አዞሩ። የደረሰን አገር መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን እንዴት እንደሚደግፍ አጥንተን እንድንጽፍ ነበር። ለጓደኛዬ ኬንያ ደረሳት። ለእኔ አየርላንድ! መቀየር ፈልጌ ነበር፤ ለመቀየር ግን እጅ ማውጣት ያስፈልጋል… ስለዚህ አየርላንድን ይዤ ወጣሁ። አጎቴ ርዕሱን ሲሰማ «አየር… ላንድ? መሬት የላቸውም ማለት ነው?» ብሎ አዘነላቸው።

መሬትስ አላቸው። መንግሥታቸው የመምህራንን ደመወዝ ይከፍላል፤ ለትምህርት ቤቱ ማንቀሳቀሻ ደግሞ በተማሪው ቁጥር ልክ ድጎማ ይልካል። ድጎማው አልበቃ ሲል ትምህርት ቤቱ ለወላጆች «በፈቃደኝነት ስለሚሰጥ መዋጮ» ደብዳቤ ይጽፋል። ወላጆቹም «በፈቃደኝነት ከሆነ ለምን ደጋግማችሁ ታስታውሱናላችሁ?» እያሉ ያጉረመርማሉ። ይህን ሳነብ ወላሂ የሰፈሬን ሰዎች ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ለካ በዓለም ላይ ብቻችንን አይደለንም!

ያችን ጥናት መጻፌን ሥራ ስቀጠር ማመልከቻዬ ላይ ጠቀስኩ። ዳይሬክተራችን አቶ ተስፋዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «አየርላንድ» ይሉኛል። የበጀት ነገር የተነሣ እንደሆነ «አየርላንድን ጥሯት!» ነው። እኔም ፎዚያ እባላለሁ ማለት ስለማልደፍር አቤት እላለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ… ፖሊሲው እያንዳንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ኦ ክፍል ይኑረው ይላል። መልካም ፖሊሲ ነው፤ እንጀራ የምበላውም በእሱ ነው። ችግሩ ፖሊሲው የመጣው በደብዳቤ ነው። መማሪያ ክፍል ደግሞ ፖስታ ውስጥ አይገባም። ትምህርት ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ቡና መሐል ያለ ነው፤ ትርፍ ክፍል ቀርቶ ትርፍ ወንበር የለውም። ከዚህ ጭንቅ ያወጡን ሐጂ ጀማል ናቸው። ሐጂ አጥራችን ላይ የተጠጋ የቡና መጋዘን አላቸው። መስከረም ላይ ቁልፉን አምጥተው «ቡናው እስኪደርስ ባዶ ነው፤ ልጆቹ ይግቡበት» አሉ።

ገባንበት። ባዶ ጆንያ አንጥፈን ተቀመጥን፤ የቡና ገለባው አቧራ ሲያስነጥሰን «ሀ» ብለን ጀምረን «ሁ» ላይ ሳንደርስ አርባ ልጅ ባንድ ላይ ያነጥሳል። ቢሆንም ተማርን። ከመሐላቸው ነዒማ የምትባል ልጅ አለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጆንያ ተከናንባ ነው ያሳለፈችው። ስሟን ስጠራ ጆንያው ይንቀሳቀሳል፤ መገኘቷን የማውቀው በዚያ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ከጆንያው ሥር ቀጭን ድምፅ «አቤት» አለች። የደስታዬን ነገር አልነግራችሁም። «አቤት» ማለት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አውቃለሁዋ!

ያን ሰሞን ነው ቡናው መቅላት የጀመረው። የአገሩ ሰው ሁሉ ቀይ ቡና ሲያይ ፊቱ ይበራል። እኔ ግን እያንዳንዷን ቀይ ፍሬ እንደ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አያት ጀመር። አንድ ቀን ሐጂ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ ልጆቹን አስወጣለሁ ማለት ይከብደኛል። ቡና ግን ሜዳ ላይ አያድርም። ቢበዛ ሁለት ሳምንት ብትቆዩ ነው።»

«ይገባኛል ሐጂ፤ እርስዎ ምን ያድርጉ…»

አቶ ተስፋዬም ቁርጡን ነገሩኝ። ክፍል ካልተገኘ ልጆቹ ለዓመቱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ነዒማም ወደ ጆንያዋ!

በዚህ መሐል ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። ጉዳዩ፦ «የብሎክ ግራንት አጠቃቀምን ይመለከታል»። አቶ ተስፋዬ ርዕሱን ብቻ አዩና ደብዳቤውን ለእኔ አቀበሉኝ።

«ይኼ የአየርላንድ ነገር ነው። ሐሙስ ለወላጆች ታብራሪላቸዋለሽ።»

«እኔ?»

«ሌላ አየርላንድ አለን እንዴ?»

ብሎክ ግራንት ማለት መንግሥት ለትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር አስልቶ በጥቅሉ የሚለቀው ድጎማ ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ሌሊት ተለማመድኳት። በአማርኛም በኦሮምኛም ተለማመድኳት፤ ብሎክ ግራንት እንደሆነ በሁለቱም ቋንቋ ያው ብሎክ ግራንት ነው። በአንዱ ብትሳሳቺ በሌላው ታርሚያለሽ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት ወላጆች ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። የድምፅ ማጉያው ባትሪ ጨርሷል። ተነሣሁ። የእኔ ድምፅ እንዲህ ነው፤ ቃሉን ደህና አድርጌ እጀምረዋለሁ፣ መሐል ላይ ሰው እያየኝ መሆኑ ትዝ ይለኛል፣ መጨረሻው ላይ ድምፄ እኔን ጥሎ ይሄዳል።

«መንግሥት ለትምህርት ቤታችን ብሎክ ግራ…ት ፈቅዷል…»

«ማል ጄቴ? ምን አለች?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ከፊት ያለው ዞሮ ነገረው፤ እሱም ለጎረቤቱ አቀበለ። ጥቂት ቆይቶ ጭብጨባ! ለእኔ ሰው ሲያጨበጭብ የመጀመሪያው ነው። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ አዴ ዘይነባ ከተቀመጡበት ተነሡ። ገበያ ላይ ማር የሚሸጡ፣ ማንም ዋጋ የማይከራከራቸው ሴት ናቸው።

«ቲቸር፣ በነጻ ነው?»

«አዎ።»

«ለአንድ ልጅ ስንት ይደርሳል?»

«ገና አልታወቀም። የተመዘገበው ልጅ በበዛ ቁጥር ይበዛል።»

«ማሻ አላህ! እንግዲያው ቅዳሜ እንምጣ?»

ለውይይት መስሎኝ «ጋሪ» አልኩ። በኦሮምኛ «ጥሩ» ማለቴ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ለምዝገባ ተሰለፈ። እናንተ፣ በር እስኪጠብ ድረስ! የፖሊሲ ግንዛቤ እንዲህ ፍሬ ሲያፈራ መጽሐፍ ላይ እንኳ አላነበብኩም። አንዲት እናት ያዘለችውን ሕፃን አውርዳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ዕድሜው?» አልኳት።

«አራት ዓመት።»

«ጥርስ የለውም እኮ…»

«ፖሊሲው ላይ ጥርስ ይላል?»

ፖሊሲውን አውቀዋለሁ፤ ጥርስ አይልም። በእርሳስ ጻፍኩት። ቀጥሎ አንድ አባት መጣና «ሦስት ልጅ መዝግቢልኝ» አለኝ።

«የማየው ሁለት ነው።»

«ሦስተኛው ኢንሻ አላህ ጥር ላይ ይመጣል» አለና ወደ ሚስቱ ሆድ አመለከተ።

አቶ ተስፋዬ መዝገቡን አይተው «አየርላንድ! ይህን ሁሉ ሰው እንዴት አመጣሽው?» ሲሉኝ፣ ያለ ወትሮዬ ኮራ ብዬ «መመሪያውን ነው ያብራራሁላቸው» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ጋሪዎች ቆመዋል። አምስት ጋሪ! ከኋላቸው ድንጋይ የሚያራግፍ አይሱዙ አለ። ሜዳችን መሐል ወንዶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው መሠረት ቆፍረው ጨርሰዋል። ሴቶቹ አሸዋ ያመላልሳሉ። የነዒማ አባት ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ላቡን ይጠርጋል። አዴ ዘይነባ አንድ ግንበኛ አስከትለው ወደ እኔ መጡ።

«ቲቸር፣ ብሎኬቱ ውፍረቱ ሃያ ሳንቲም ነው አሥራ አምስት? ግንበኛው በዚያ ልክ ነው የሚጀምረው።»

«የምን ብሎኬት?»

«አንቺ ያልሽው ነዋ! መንግሥት በየልጁ ቁጥር የፈቀደው ብሎኬት!»

ብሎክ ግራ…ት። ብሎክ…ት። ብሎኬት! ቁፋሮውን ቆመው ሲያዩ የነበሩትን አቶ ተስፋዬን ጎትቼ ከዛፉ ጀርባ ወሰድኳቸው።

«እርስዎ ይንገሯቸው» አልኩ።

«ብሎኬት ያልሽው አንቺ፣ የምነግረው እኔ?»

«ግራንት ነው ያልኩት!»

«አጠገብሽ ቆሜ ብሎኬት ነው የሰማሁት! ዝም ያልኩት አየርላንድ እንደዚያ ይሠራ ይሆናል ብዬ ነው።»

መሮጥ አማረኝ። በሩ ግን በጋሪዎቹ ተዘግቷል። ነዒማ አባቷ ያስቀመጣት ጋሪ ላይ ሆና ጉድጓዱን እያየች ነው፤ ክፍሏ እንደሆነ ነግረዋታል። ልጅቷ ያለ ጆንያ ነበረች። የድንጋዩ ክምር ላይ ወጣሁና ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድምፅ፣

«ብሎኬት አይደለም! ግራንት ነው! ግ-ራ-ን-ት!» ብዬ ጮኽኩ።

አካፋው ሁሉ ቆመ። ሐጂ ጀማል ሳይቀሩ ከመጋዘናቸው ወጥተው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ግራንት ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አዴ ዘይነባ።

«ድጎማ ነው። ገንዘብ።»

«ታዲያ በገንዘቡ ብሎኬት እንገዛለና!»

«አይፈቀድም። ለመጽሐፍ፣ ለጠመኔ፣ ለጥቁር ሰሌዳ ነው። ለአዲስ ግንባታ አይውልም።»

«ሰሌዳውን ምን ላይ እንሰቅለዋለን?»

«ግድግዳ ላይ።»

«ግድግዳውስ?»

«መመሪያው… ስለ ግድግዳ ዝም ይላል።»

የሚሰድቡኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ናቸው። ሳቃቸው አጥሩን ተሻግሮ መጣ፤ ከዚያ አዴ ዘይነባ፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ።

«እና ይህን ጉድጓድ ምን ልታደርጉት ነው?» አሉ ሐጂ። «መልሳችሁ ትሞሉታላችሁ?»

«ወላሂ አልሞላም!» አለ የነዒማ አባት ከውስጥ። «ቆፍሬ የሞላሁ እንደሆነ ሚስቴ ምን ትለኛለች?»

«ብሎኬት ከሌለ እንጨት የለም?» አሉ አዴ ዘይነባ ዞር ብለው። «ሁላችን ያደግነው ጭቃ ቤት ውስጥ አይደል? ሐጂ፣ የእርስዎ ባሕር ዛፍ ለምንድን ነው የሚያረጀው?»

«ቶሌ፣ እሺ፣ ይቆረጥ» አሉ ሐጂ። «ቆርቆሮም ከመጋዘኔ ጀርባ የተቀመጠ አለኝ። መጋዘኔን ባዶ የምታደርጉልኝ ከሆነ አልጎዳሁም።»

ጭድ ከአንዱ፣ ሚስማር ከአንዱ፣ ጉልበት ከሁሉም… በፈቃደኝነት! ማንም ደብዳቤ ሳይጽፍለት። ለብሎኬት የተቆፈረ መሠረት የጭቃ ቤት ስለተሸከመ፣ ክፍላችን በወረዳው ውስጥ ሥሩ ከአናቱ የሚበልጥ ብቸኛው ቤት ሳይሆን አይቀርም። የሐጂ ቡና በገባበት ሰኞ ልጆቼ ወጡ፤ ጆንያው በአንዱ በር ሲገባ እኛ በሌላው ወጣን። ድጎማው ሲለቀቅ ጥቁር ሰሌዳውን ገዛን፤ ጭቃው ገና ስላልደረቀ ሚስማሩ አልይዝ አለና ወንበር ላይ አስደግፈነዋል። በእርሳስ የጻፍኳቸውንም ጥርስ እስኪያበቅሉ አጠፋኋቸው። ነዒማ አሁን «አቤት» የምትለው የሌላ ልጅ ስም ሲጠራም ጭምር ነው።

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሱፐርቫይዘር መጣ። ክፍሉን ዞሮ አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ ነካ፣ ሪፖርቱን እዚያው ጻፈ። አነበብኩት። «መመሪያው ለኅብረተሰቡ በሚገባ በመብራራቱ፣ ወላጆች ድጎማውን በትክክል ተረድተው ከሚጠበቀው በላይ ተሳትፈዋል» ይላል። ከሥሩም መመሪያውን ያብራራችው መምህርት በአካባቢው ላሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ልምዷን እንድታካፍል አሳስቧል።

ቢሮ ገብቼ ለአቶ ተስፋዬ ቃል ገባሁ።

«አይዞዎት፣ አሁንስ ተምሬያለሁ። ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል ነው የማስረዳቸው።»

አቶ ተስፋዬ ተነሡ፤ በሩን ገርበብ አደረጉና ጠጋ አሉኝ።

«እንዳታደርጊው! እንደ ልማድሽ በቀስታ ንገሪያቸው፤ መጀመሪያ የምትሄጂበት ትምህርት ቤት አጥር የለውም።»