የቦኖው ቀብር

የኛን የፓፑዎችን ዋና ከተማ ልማትና አገልግሎት የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሰነፍ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ምላሳቸውን ይቁረጠው! ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ከፋሲካ በፊት የደረቀውን የጎማታ ኮረብታ ቦኖ እስከ ገና ድረስ ሳይታክት ያጠናው ነበር? በመጀመሪያ ችግር መኖር አለመኖሩን የሚያጣራ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ቀጥሎ ግብረ ኃይሉ ምን ላይ እንደደረሰ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሻይና ብስኩት ቀረበለት፤ ብስኩቱን አጣርቶ ጨረሰ።

ማማ ዌና ግን ለዚህ ሁሉ ድካም ምስጋና የላትም። ከደጋው ከሀገን ወርዳ ጎማታ ላይ ከሰፈረች ጀምሮ አመለኛ ሴት ናት። እርግጥ ነው፣ ምራቷ መንታ የተገላገለችው ቦኖው ቀጥ ባለበት ሳምንት ነበር። ልጇ ማዕድን ማውጫ ሥራ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚቀዳላቸው ሌላ ሰው የለም። ኮረብታውን ወርዳ፣ መኪና የሚከንፍበትን አውራ ጎዳና ተሻግራ፣ ከነዳጅ ማደያው ጓሮ በልመና ቀድታ፣ ጀሪካኑን በቢሉም ቦርሳዋ አንጠልጥላ፣ ማንገቻውን ግንባሯ ላይ ጥላ ትወጣለች። ጉልበቷ አርጅቷል። ሕፃናት ደግሞ የጉልበት ነገር አይገባቸውም፤ ያራሉ።

አንድ ቀን በቃኝ አለችና ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ሄደች።

«የኔ ልጅ፣ የጎማታ ቦኖ ደርቋል» አለቻት መስኮቱ ጋ የተቀመጠችውን ጸሐፊ።

ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሯን አየት አደረገች። «አልደረቀም ማማ። እዚህ ላይ ‹በመልካም ሁኔታ በማገልገል ላይ› ይላል።»

«እንግዲያው ከዚያው ቅጂልኝ» ብላ ዌና ጀሪካኑን በመስኮቱ አሾለከችላት።

«ኧረ ማማ፣ አታስቂኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ!»

«ኃላፊሽስ የት ነው?»

«ሚስተር ራካ? መስክ ወጥተዋል።»

«መስኩ የት ነው?»

«ለቅሶ ቤት ናቸው።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ሌላ ለቅሶ ነበረባቸው። ምርጫ እየደረሰ አይደል እንዴ ማማ?»

እኛ ፓፑዎች ለቅሶ አንቀርም፤ የቀረ ሰው ሰው አይባልም። የአገልግሎት ክፍል ምክትል ኃላፊው ሚስተር ራካ ግን በዚህ ረገድ ከሁላችን ይበልጣሉ። ለምክር ቤት ሊወዳደሩ ስላሰቡ ከነጩ መኪናቸው ኋላ ሩዝ፣ ስኳርና የቆርቆሮ አሳ ጠፍቶ አያውቅም፤ ጥቁር ሸሚዛቸውም ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። በቁሙ ላለ ሰው ጊዜ ባይኖራቸውም ለሞተ ሰው ጊዜ አጥተው አያውቁም። ዌና ይህን ነገር አውቶቡስ ውስጥ ሆና ስታላምጠው፣ ስታላምጠው ቆየችና ሰፈሯ ስትደርስ ዋጠችው።

በማግሥቱ ጠዋት ቦኖው አጠገብ ሰማያዊ ሸራ ተወጠረ። ዌና እንደ ሐዘንተኛ ወግ ፊቷን ነጭ ጭቃ ተቀብታ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሙሾዋን ለቀቀችው፦

«ቆመህ ያሳደግከን፣ ባለ አንድ እግር ጌታ፣
ለማን ጥለኸኝ ሄድክ፣ ከአራስ ከነመንታ!
መታመምህንማ፣ ነግረናቸው ነበር፣
ሐኪሞችህ ቀሩ፣ ተጣብቀው ከወንበር!»

የኛ ወግ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅን አይፈቅድም፤ አስቀድሞ ይለቀሳል፣ ሟቹ ቀስ ብሎ ይታወቃል። ጎረቤቷ ካውፓ ገና ከሩቅ ደረቱን እየደቃ መጥቶ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ሲደክመው ወደ ዌና ጆሮ ጠጋ አለ።

«ማነው የሞተብን?»

«ቦኖው።»

ካውፓ እንባውን ጠረገና ቦኖውን አየው። ትንሽ አሰበና «እውነትሽን ነው፣ ደግ ነበር!» ብሎ እንደገና ጀመረ። እስከ ረፋድ ድረስ ኮረብታው በሙሉ ሸራው ሥር ገባ። ለቅሶ ሲደምቅ ወሬው ይሮጣል፤ ወሬ ሲሮጥ ደግሞ ሚስተር ራካ ይሰማሉ።

እኚያ ታላቅ ሰው መኪናቸው በቅጡ ሳይቆም «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ወረዱ። ከኋላቸው የባለሥልጣኑ ካሜራ ሠራተኛ፣ የውሃ መሐንዲሱና ሩዙ ተከተሉ። ካውፓ ክንዳቸውን ደግፎ ወደ ውስጥ ሲያስገባቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሟች ወንድ ነው ሴት?»

«ቧንቧ ነው ጌታዬ።»

ሚስተር ራካ ቀና ብለው ቧንቧውን አዩ። ዞር ብለው ካሜራውን አዩ። ተራ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍር ነበር። እሳቸው ግን የሕዝብ አገልጋይ ናቸውና ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው፣ ቦኖውን አቅፈው፣ ከበፊቱ አብልጠው አለቀሱ። ዌና በጭቃዋ ውስጥ ሆና ደስ አላት። «አሁን ያዝኩህ፣ ለቅሶዬ ላይ ሩዝ ይዘህ ከመጣህ ዘመዴ ነህ፣ ዘመድ ደግሞ ሳይረዳ አይሄድም» አለች በልቧ።

መሐንዲሱም ሄዶ ቧንቧውን ነካ ነካ አድርጎ ተመለሰ። «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ደህና ነው። ታች መንገድ ዳር ያለው ቫልቭ ተዘግቶበት ነው እንጂ። ልውረድና ልክፈተው?»

ዌና ጀሪካኗን ሳብ አደረገች። ምራቷ መንታዎቹን ታቅፋ ብድግ አለች።

«አንተ ሰው!» አሉ ሚስተር ራካ። «አስከሬን ፊት መፍቻ ይወጣል? ወግ አታውቅም?»

ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረው ንግግር አደረጉ። «ሟች ቦኖ በሕይወት ዘመናቸው ዘር፣ ቋንቋና አውራጃ ሳይለዩ ሕዝባቸውን ያጠጡ፣ ተንጠባጥበው እንኳ ያላጉረመረሙ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ። መሥሪያ ቤታችን በእኚህ ባልደረባው ኅልፈት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን እየገለጸ፣ በክብር እንደሚቀብራቸው ቃል ይገባል!»

«ጌታዬ» አለች ዌና፣ «እኔ ውሃ ነው የምፈልገው።»

«እግዜር ያጽናዎት እናቴ። ሐዘኑ ነው የሚያናግርዎት» አሉና በስስት አቀፏት። ንግግሩ የዚያኑ ዕለት በራዲዮ ተላለፈ፤ ብዙ ሰው አለቀሰ።

ዌና ሩዙ ሳያልቅ ተመልሳ መስኮቱ ጋ ቆመች። ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሯን አየችና ፊቷን አጠቆረች። «ነፍሱን ይማር ማማ። ‹ሞቷል› ይላል።»

«አልሞተም እኮ! መሐንዲሱ ደህና ነው ብሏል።»

«ራዲዮ የነገረውን እንዴት እንሽረዋለን? የሞተ ደግሞ አይጠገንም።»

«ሌላ ትከሉልን ታዲያ።»

«የሟች ቦታ ክፍት መሆኑ መታወጅ አለበት። እሱ ደግሞ ሂደት ላይ ነው።»

የቀብሩ ጉዳይ ግን፣ ለባለሥልጣኑ ክብር ይግባውና፣ ሂደት አልጠየቀም። ለጥገና ያልተገኘው ሲሚንቶ ተገኘ። ቦኖው እንደቆመ ዙሪያው በእብነ በረድ ተለበጠ፣ የብረት አጥር ታጠረ፣ አበባ ተተከለ። የሟች አበባ እንዳይደርቅ ሚስተር ራካ ስለወሰኑ መሐንዲሱ ወርዶ ቫልቩን ከፈተና በጎን በኩል አንድ ቱቦ ቀጠለለት። ውሃው አበባው ላይ ቀን ከሌት ይንዠቀዠቅ ጀመር። በሩ ላይም «ውሃ መቅዳት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያና ከከረማ ከተማ የመጣ አንድ ዘበኛ ተተከሉ።

ያን ጊዜ ዌና የምሯን አለቀሰች። ሙሾም አላወጣችም፤ አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ አነባች። ለአበባ የተገኘ ውሃ ለልጅ ልጆቿ መከልከሉ አንጀቷን አቃጠላት። ዘበኛው ለቀብሩ ጭቃ የተቀባ ፊቷ ላይ እንባው ሲወርድ አይቶ አላስቻለውም።

«ማማ፣ በቃሽ። ግቢና ፊትሽን ታጠቢ። ሐዘንተኛ እንዳይታጠብ ከልክል አልተባልኩም።»

ዌና ገባችና ታጠበች። ስትታጠብ ቀስ ብላ ዘበኛውን አየችው።

በማግሥቱ ጭቃዋን ተቀብታ መጣች፤ መንታዎቹንም ቀብታቸዋለች። በሦስተኛው ቀን የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ዘበኛው።

«የመንታዎቹ ጨርቅ ነው። እሱም አዝኗል። መልኩን አታየውም?»

ዘበኛው ከሩቅ ሸተተውና ሐዘኑን አመነ። ሳምንት ሳይሞላ ጀሪካኖቹም ጭቃ ተቀብተው መታጠብ፣ ታጥበውም ሞልተው መውጣት ጀመሩ፤ ካውፓ ሦስት ሐዘንተኛ በርሜል ይዞ ብቅ አለ። ጎማታ ከእናት እስከ ልጅ ፊቱን አንጥቶ በየማለዳው ተሰለፈ። ዘበኛው ለበላይ አካል «የነዋሪው ሐዘን ሊበርድ አልቻለም» ሲል አመለከተ። ሚስተር ራካ ልባቸው ስለተነካ ቱቦው በሰፊ ቱቦ እንዲለወጥ አዘዙ፤ መቃብሩም የዓመቱ ምርጥ ፕሮጀክት ተብሎ ተሸለመ።

የመቃብሩ ዝና ተሰማና ከማዶው ኮረብታ ሁለት ሴቶች ተሻግረው ዌናን ሊያማክሩ መጡ። ዌና መንታዎቹን እያጠበች ነበር።

«ማማ፣ እኛስ እንዲህ ያለ እንዲሠራልን ምን እናድርግ?»

«ቦኖአችሁ ሞቷል?»

«ኧረ አልሞተም። ማለዳ ማለዳ ጠብ ጠብ ይላል፤ አንድ አንድ ጀሪካን ይሞላልናል።»

ዌና ከንፈሯን መጠጠች። «እሱ በሕይወት እያለማ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም» አለች። «በሉ ካውፓ ጋ ሂዱና መዶሻ ተዋሱ።»